የተዘራ ፎቶ የወረደ ዕለት

ሃዳስ እጇ አርፎ አያውቅም። ስልክ እያወራች እንኳ ወይ ጠረጴዛ ትወለውላለች፣ ወይ የልጆቿን ልብስ ታጥፋለች። እንዲህ ያለችውን ሴት የድሮ ፎቶና ሰነድ አያያዝ ሥልጠና ውስጥ ምን እንደከተታት እንጃ። ሥልጠናው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው እጅን መሰብሰብ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስራኤል አገር፣ ርሆቮት ከተማ ውስጥ ያለ አንድ የሰፈር ማእከል፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦችን ፎቶና ወረቀት የሚያኖርበት ክፍል ሊከፍት አሰበ። ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት የሚጠብቁት ሰዎች ይሠልጥኑ ተባለ። ሃዳስ እዚያው ከተማ፣ ክፋር ግቢሮል የሚባል ሰፈር የምትኖር፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ለልጆች መጻሕፍት የምታውስ ሴት ናት፤ ማስታወቂያውን ባየች ዕለት ሮጣ ተመዘገበች። አሠልጣኟ ኖጋ ትባላለች። ዕድሜዋን ሙሉ ያረጀ ወረቀት ስታክም የኖረች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ስትራመድ እንኳ አቧራ እንዳይነሳባት የምትሰጋ የምትመስል ሴት ናት። ገና በመጀመሪያው ቀን የፎቶ ዋና ጠላት የሰው እጅ ነው ብላ ሁሉንም አስደነገጠቻቸው።

ከዚያ በኋላ የተማሩት ሁሉ የዚያው ዝርዝር ነበር። ፎቶ በጠርዙ ነው የሚያዘው፣ ያውም በሁለት እጅ፣ ያውም በጓንት። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አይጻፍም። የተቀደደ በፕላስተር አይለጠፍም። መስታወት ላይ የተጣበቀ እንደሆነ ማንም በጥፍሩ እንዳይነካው። ከሁሉም የከፋው ግን እርጥበት ነው። የድሮ ፎቶ ፊቱ ጄላቲን የሚባል ስስ የሙጫ ቆዳ ነው፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ ጣት ቢያርፍበት ይላጣል። ሃዳስ ይህን ስትሰማ ስንት ዘመን በቀሚሷ ጫፍ እየወለወለች ያበላሸቻቸው ፎቶዎች ትዝ አሏትና አንገቷን ደፋች።

ለሚቀጥለው ትምህርት እያንዳንዱ ሰው ከቤተሰቡ አንድ ያረጀ ፎቶ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ እንዲያመጣ ታዘዘ። ቅጂ ያነሱለታል፣ አሲድ ከሌለው ወረቀት ማኅደር ይሠሩለታል፣ ከዚያ ለባለቤቱ ይመለሳል። ሃዳስ አላመነታችም። ወዲያው የታያት ክርያት ሞሼ በሚባለው ሰፈር፣ እናቷ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ የተሰቀለው የአጎቷ የተዘራ ፎቶ ነው።

ተዘራ የእናቷ የማንተገብሽ ታናሽ ወንድም ነው። ማንተገብሽ አዝላ ያሳደገችው። ፎቶውን የተነሱት ጎንደር፣ ፎቶ ቤት ገብተው፣ ሐይቅና ተራራ በተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆመው ነበር፤ እሱ ኮት ተውሶ፣ እሷ አዲስ ነጠላ ለብሳ። ከዚያ እሷ ወደ አዲስ አበባ ወረደች፤ አውሮፕላኖቹ ሕዝቡን ወደ እስራኤል ሲያነሱ ከነባሏ መጣች። እሱ ሚስቱ አራስ ነበረችና በሚቀጥለው ዙር እመጣለሁ ብሎ ቀረ። የሚቀጥለው ዙር ስንቴ እንደመጣ የሚቆጥር የለም፤ ተዘራን ግን አንዱም አላነሳውም። አራስ የነበረው ልጅ ራሱ አባት ሆኗል፣ ተዘራ እስከዛሬ ጎንደር ተቀምጦ ይጠብቃል። ማንተገብሽ ሰንበት ሳይገባ ዓርብ ዓርብ ትደውልለታለች። ከስግድ፣ ከቤተ እስራኤሉ የኅዳር በዓል ወዲህ ግን ስልኩ አልገባ አለ። ኔትወርክ ነው ተባለ፤ ጎንደር ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሁሉም ያውቃል። ማንተገብሽም ኔትወርክ ነው ትላለች። ካለች በኋላ ግን ፎቶውን ቀና ብላ ታየዋለች።

ሃዳስ ፎቶውን ማታ ልትወስድ አስባ ነበር። ልጇን አተኮሰውና ማታው እንዲያው ሄደ። ስለዚህ በማግስቱ፣ ገና ሳይነጋ፣ ወንድሟ ኢላን በመኪናው መጥቶ ወሰዳት። ኢላን የሌሊት ጥበቃ ሠርቶ መውጣቱ ስለነበር ዓይኑ በርበሬ መስሏል። እሷ እንደ ልማዷ ጥቁር ሱሪና ጥቁር ሹራብ ለብሳለች። ሁለቱም ደረጃውን ወጥተው የእናታቸውን በር አንኳኩ።

እንግዲህ መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ አበሻ የለም። ዘመድ ባሕር ማዶ ከሞተ ሰዎች መክረው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ሁለትም ሦስትም ሆነው በር ያንኳኳሉ። ሴትየዋን ቁጭ በይ ይሏታል። ፎቶ አስቀድመው ያወርዳሉ፤ ሬሳው እዚያ ቀርቷል፣ የሚለቀሰው በፎቶው ነውና። ሃዳስ ይህን ከማንም ባላነሰ ታውቃለች። ያን ጠዋት ግን አእምሮዋን የሞላው ጄላቲን ነበር።

ማንተገብሽ በሩን ከፍታ የልጇን ጥቁር ሹራብና የኢላንን ዓይን አየች። ምን እግር ጣላችሁ አለች። ሃዳስ ሰዓቱ ሄዶባት ነበርና በጥድፊያ ወደ ውስጥ ገባች፤ ፎቶው ከተሰቀለበት ሥር ወንበር ስባ ልትወጣ ስትል እናቷ እንዳትወድቅ ብላ ያዘቻት።

«እማ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አለቻት። «የአጎቴን ፎቶ ኢላን ያወርደዋል።»

ማንተገብሽ አልተቀመጠችም።

«ተዘራ ደህና ነው?» አለች።

«ደህና ነው፣ ደህና ነው። በኋላ እነግርሻለሁ፤ አሁን ቸኩያለሁ።»

ከዚህ የባሰ መልስ ሃዳስ ዓመት ብታስብ አታገኝም ነበር። ማንተገብሽ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና የወንድሟን ስም አንድ ጊዜ ጠራች፤ ከዚያ በሕንፃው ከላይ እስከ ታች የተሰማ ጩኸት ጮኸች። ኢላን ፎቶውን በእጁ ይዞ፣ ወንበር ላይ ቆሞ፣ መውረዱም መስቀሉም ጨነቀው።

ከላይኛው ፎቅ እትዬ ዘነበወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጫማዋን ሳታደርግ ደረሰች። ዘነበወርቅና ተዘራ የአንድ መንደር ልጆች ናቸው፤ ውሃ አብረው የቀዱ። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም፤ ፎቶውን አይታ ተረዳች። ከኢላን እጅ ነጠቀችው፣ መስታወቱንና ካርቶኑን አውልቃ ጣለች፣ ፎቶውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ሙሾዋን ጀመረች። ከእሷ በኋላ ደረጃው በሰው ተሞላ። አንዱ ላንዱ እየደወለ፣ ሥራ ሊሄድ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሳይቀር ተመልሶ መጣ። ከምኩራቡ የፕላስቲክ ወንበር ተጭኖ መጣ። ክርያት ሞሼ ለደስታ ያረፍድ ይሆናል፣ ለለቅሶ ግን ማንም አይቀድመውም።

ሃዳስ መጀመሪያ እናቷን አቅፋ ለማስረዳት ሞከረች። አጎቴ አልሞተም፤ ፎቶውን የፈለግሁት ለኮርስ ነው፤ ላክመው ነው አለች። ማንተገብሽ ከዚያም ብሶባት ጮኸች። ደህና ነው እያላችሁ አትደብቁኝ ትላለች። ሃዳስ ተነስታ ሳሎኑ መሃል ቆመች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስህተት ነው፣ ማንም አልሞተም፣ ወደየሥራችሁ ሂዱ ብላ ተናገረች። ሴቶቹ በሐዘኔታ አዩዋት። አንዷ ምስኪን፣ ልቧ አልቀበል ብሏት ነው አለች። ሌላዋ ውሃ አምጡላት አለች። የጎረቤት ወጣት ደግሞ በዕብራይስጥ የድንጋጤ ነገር እንደሆነና በሠራዊት ውስጥ እንዲህ ያለ እንዳየ ለጓደኛው አስረዳው። ሃዳስ ቢቻላት ሁሉንም በጥፊ ትመታቸው ነበር።

ያም አልበቃ ብሎ ፎቶው አለ። ፎቶው ከዘነበወርቅ ወደ ማንተገብሽ፣ ከማንተገብሽ ወደ ሌላ ሴት፣ ከዚያ ወደ ሌላ ይሄዳል። ሁሉም ይስመዋል፤ ሁሉም ፊቱን ይደባብሰዋል፤ እንባ ይንጠባጠብበታል፣ ያንኑ እንባ በመዳፋቸው ይጠርጉታል። ሃዳስ እያንዳንዱ አውራ ጣት የት እንዳረፈ ታያለች። እባካችሁ በጠርዙ ያዙት ስትል አንዲት አሮጊት ቀና ብለው አይተዋት ፎቶውን ይበልጥ ጨበጡት። ሃዳስ ከራሷ ጋር ተጣላች። እናቷ ወለል ላይ እያለቀሰች እሷ ለወረቀት ትጨነቃለች? ትጨነቃለች። እናቷ አንድ ናት፣ ፎቶውም አንድ ነው፤ ለሁለቱም መድረስ አልቻለችም።

በመጨረሻ ፎቶው ተራውን ጠብቆ እሷ እጅ ገባ። በጠርዙ ይዛ አየችው። የእናቷ ወጣት ፊት እንዳለ ነው። የተዘራ ግን ከአፍንጫው በታች ቆዳው ተልጦ ሄዷል፤ አፍ የለውም። ለአልቃሾቹ መልሳ አልሰጠችም። ወደ ኩሽና ሮጣ ለኖጋ ደወለችና የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ኖጋ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ እንድታስተኛው፣ ምንም እንዳታስነካው፣ በሶፍት ላድርቅ እንዳትል፣ በራሱ ጊዜ እንዲደርቅ እንድትተወው መከረቻት። ከዚያ አጎትሽ ግን በሕይወት አሉ ብላ ጠየቀቻት።

«አዎ» አለች ሃዳስ። ከዚያ «መሰለኝ» አለች።

ይህን ቃል ከአፏ ስታወጣው ራሷ ደነገጠች። ፎቶውን ፍሪጁ አናት ላይ ንጹሕ ወረቀት አንጥፋ አስተኛችውና ወደ ሳሎኑ ተመለሰች። አሁን ሰዎቹን በሌላ ዓይን ታያቸው ጀመር። ለምን እንዲህ ፈጥነው መጡ? ለምን ማንም እንዴት ሞተ ብሎ አይጠይቅም? መርዶ ሁልጊዜ ከባለቤቱ በቀር ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። ስልኩ ከስግድ ወዲህ ዝግ ነው። እሷ ለእናቷ ወሬ የማትደብቅ ልጅ ናትና፣ ለእሷም ተደብቆባት ቢሆንስ? ምናልባት ሽማግሌዎቹ ወሬውን ሰምተው ቀን ሲመርጡ እሷ በድንቁርናዋ ቀድማ ፎቶውን አወረደች። ሽማግሌ ፍለጋ ወጣች።

አባ አንዳርጌን ደረጃው ላይ አገኘቻቸው። አገር ቤት የሞተ ሰው ካለ መርዶው መጀመሪያ ለእሳቸው ነው የሚመጣው፤ ማን፣ መቼ፣ በማን አፍ እንደሚነገር የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ሃዳስ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አባ፣ የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ። አትችለውም ብለው አይፍሩ።»

ሽማግሌው ዱላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ? ዛሬ ጠዋት ነው ከሰው የሰማሁ። ያረዳችኋት እናንተ ናችሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አይዞሽ፣ ሁላችንም ሟች ነን» አሏት።

ያቺ አይዞሽ ሃዳስን ጨርሳ አመሰቀለቻት። እውነት የማያውቁ ሰው እንዲህ ለስለስ አድርገው አይዞሽ ይላሉ? ወይስ ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ነው የሚናገረው? ደረጃውን ወረደች፣ መንገዱን ተሻገረች፣ ከሱቁ በር ደርሳ ለምን እንደመጣች ጠፋትና ተመለሰች። ደግሞ ወጣች፣ ደግሞ ወረደች። በየመሃሉ የአጎቷን ቁጥር ትመታለች፤ የስልኩ ሴትዮ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አልቻሉም ትላለች። ሃዳስ ይችን ድምፅ ጠልታ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጠላቻት።

ኢላን በረንዳው ላይ ሆኖ እንቅልፍ ባጣ ዓይኑ ለሚያውቀው ሁሉ ይደውላል። በመጨረሻ ሻዓራይም ከሚባለው ሰፈር ለለቅሶ የመጣች አንዲት ሴት የእህቷ ልጅ ጎንደር ባጃጅ እንደሚነዳ ተናገረች፤ አለልኝ ይባላል፣ የተዘራን ቤት ያውቃል። ኢላን ደወለለት። አለልኝ ሰው ጭኜአለሁ፣ አድርሼ እሄዳለሁ አለ። ኢላን ያላ፣ በል ቶሎ፣ ሰውየውን ጭነኸው ሂድ፣ ሒሳቡን እኔ እችላለሁ ብሎ ለመነው።

ከዚያ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ሃዳስ ያንን ጊዜ ቆማ ነው ያሳለፈችው፤ በአንድ ጆሮዋ የሳሎኑን ሙሾ፣ በሌላው የወንድሟን ስልክ እያዳመጠች። ዘነበወርቅ ድምፅዋ ሻክሯል። ተዘራ በልጅነቱ ጎርፍ የወሰደባቸውን ጥጃ ተከትሎ ወንዝ ገብቶ ያወጣበትን ቀን በሙሾዋ እያነሳች ታለቅሳለች፤ አልቃሹ ይቀበላታል። ሃዳስ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። አጎቷ ለእሷ በስልክ እንዴት ነሽ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው የሚል ድምፅ ነበር። አሁን ጥጃ ታቅፎ ከወንዝ ሲወጣ ታያት። እንዲህ ያለ ሰው ከሆነማ አይሙትብኝ አለች በልቧ።

የኢላን ስልክ ጮኸ። አነሳው፣ አዳመጠ፣ ለሃዳስ ሰጣት። በዚያ ወገን ውሻ ይጮኻል፣ ባጃጅ ይንደቀደቃል፤ ከዚያ ሻካራ ድምፅ ማን ልበል አለ። ሃዳስ አጎቴ አለች። ሳሎን ገብታ በሴቶቹ መሃል አልፋ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ እናቷ ጆሮ ላይ አደረገችው።

«እታለም» አለ ድምፁ።

ማንተገብሽ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ልጁ ነው፣ የአባቱን ድምፅ አስመስሎ ሊያጽናናኝ ነው አለች ለሴቶቹ። ሴቶቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል።

«አንቺ ሴት» አለ ስልኩ፤ ሁሉም ሰማ። «ባለባጃጁ ሥራውን ጥሎ፣ እኔን ሚስማር ከምመታበት አስነስቶ፣ ስሚኝ ስልሽ ከሌላ ሰው ጋር ታወሪያለሽ? ድሮም አታዳምጪም!»

ማንተገብሽ አፏን ያዘች።

«ተቆጣኝ» አለች። «እሱ ነው።»

ዘነበወርቅ እልል አለች፤ በሻከረው ድምፅዋ ያች እልልታ ሳል ትመስል ነበር። ሰዉ ሳቀ፣ አለቀሰ፣ ተቃቀፈ።  አንዳንዶቹ ሊሄዱ ተነሱ፤ ወንዶቹ የምኩራቡን ወንበር ማጣጠፍ ጀመሩ። ተዘራ ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ማንተገብሽ ሳትደብቅ ነገረችው። ፎቶህ ወርዶ፣ መርዶ መስሎን፣ ከጠዋት ጀምሮ ስናለቅስልህ ነው አለችው። ስልክህስ ምን ነክቶት ነው አለችው።

«እኔው ነኝ ያጠፋሁት» አለ ተዘራ። «ዓርብ ዓርብ በርታ ትይኛለሽ፤ የምመልስልሽ አጣሁ። ረስታችሁኛልም ብዬ ነበር።»

በዚያ ወገን የባጃጁ ድምፅ ጠፋ። ስልኩ የተቋረጠ መስሏቸው ሁሉም አዩት። ከዚያ፣

«ለመሆኑ ማን ማን መጣ?» አለ።

ማንተገብሽ ቀና ብላ ቤቱን አየች። ዘነበወርቅ አለች ብላ ጀመረች። ዘነበወርቅ ተጎንብሳ አለሁ ተዘራ፣ ደረቴን ደቅቼልሃለሁ አለችው። አንዳርጌስ ብሎ ጠየቀ ተዘራ። አባ አንዳርጌ ዱላቸውን ይዘው ቀረቡ። ከዚያ ተዘራ በራሱ ይጠራ ጀመር፤ የወንዝ ማዶውን፣ የቀጥቃጩን ልጅ፣ ሰርጉ ላይ የዘፈኑለትን። አንዳንዱ በሕይወት የለም፤ በሌለው ፈንታ ልጁ ወይም ሚስቱ አለን አሉ። ወንበር የሚያጣጥፉት እጃቸውን አቆሙ። የተጠራው ሁሉ እየመጣ ስልኩ ላይ እየተጎነበሰ አለሁ አለ። ሃዳስ ይህን ያህል ሰው ከአንድ መንደር እንደመጣ እስከዚያ ቀን ልብ አላለችም ነበር።

የሚጠራው ስም አለቀበት።

«እንግዲያማ ሁላችሁም እዚያ ናችሁ» አለ ተዘራ። «እዚህ ማን አለ?»

ሃዳስ እናቷ የሆነ ነገር ብላ እንድታጽናናው ጠበቀች። ቤቱ ሁሉ ጠበቀ። ማንተገብሽ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«አዎ ወንድሜ» አለች። «አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።»

ከዚያ አለቀሰች። ተዘራም ጎንደር ላይ ሲያለቅስ ተሰማ፤ ስልኩን ግን አልዘጋውም። ሊሄድ የተነሳው ሰው አንድ በአንድ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ዘነበወርቅም ነጠላዋን እንደገና አዘቀዘቀች። ሃዳስ ከእናቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ስህተት ነው፣ ሂዱ የሚል ቃል በዚህኛው ለቅሶ ላይ ከአፏ አልወጣም።